አሥራ አንደኛው ዕጣ

ጋሼ ሞተው የተገኙት ቤተሰቡ ሁሉ ለሽርሽር በተሰበሰበ በማግስቱ፣ ማለዳ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል፤ አጠገባቸው ታጥቦ ገና ያልተሰጣ ነጭ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ይታያል። ከላይ፣ በፎቁ ጫፍ፣ የሰገነቱ የብረት መደገፊያ ከአንድ ወገኑ ተነቅሎ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጋሼ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ሥራ የተረፋቸው አንድ ልማድ ቢኖር ጎህ ሲቀድ ሸሚዛቸውን በገዛ እጃቸው አጥበው፣ ባገኙት መደገፊያ ላይ አጎንብሰው ማስጣት ነው። ዛሬ የተደገፉት ብረት ከዳቸው።

ጩኸቱ ሲሰማ ሰብሳቢዋ ወጥ ቤት ቆማ ለሃያ ሦስት ሰው ቁርስ ታሰናዳ ነበር። ሰብሳቢ የቤት ስሟ ነው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ ገለባ የተበተነውን ቤተሰብ እየደወለች፣ እየለመነች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች አንድ ላይ ያመጣችው እሷ ስለሆነች ወንድሞቿና እህቶቿ ግማሽ በፍቅር፣ ግማሽ በሹፈት ያወጡላት ስም ነው። ሃያ ሦስት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድር ቤት መፈለግ እንዲህ በቀላሉ የሚገፋ ነገር አይደለም። አንዱ ደረጃ አልወጣም ይላል፤ አንዷ ከልጆች ጫጫታ አርቁኝ ትላለች፤ ሌላው ዝም ብሎ ሰንብቶ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ያኮርፋል። ስድስት ወር ፈልጋ አሥራ አንድ መኝታ ክፍል፣ ሰፊ ወጥ ቤትና ሁሉን ባንዴ የሚያስቀምጥ ረጅም ጠረጴዛ ያለውን ይህን የሪዞርት ቤት አገኘች። የኪራይ ቅጹን የሞላችውም የፈረመችውም እሷ ናት። ይህንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ያ ፊርማ አንገቷ ላይ እንደ ገመድ ገብቶ ነበርና።

ገመዱን ያጠለቀላት የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ፖሊሶች ሲደርሱ በላብ ተጠምቆ መዝገቡን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት የዚያ ሰገነት ብረት መዛጉን እንዳዩ፣ የሰገነቱን በር እንደቆለፉ፣ መስታወቱ ላይ «አደገኛ ነው፣ አይከፈት» የሚል ወረቀት እንደለጠፉ፣ ለተከራይም ደውለው እንዳስታወቁ እየተንተባተበ ተናገረ። መዝገቡን ገልጦም አሳየ፦ «በስልክ ተነግሯል» ይላል።

«ለማን?» አለ በያጁ፣ የጋሼ ታናሽ ወንድም።

«ለተከራይዋ ነዋ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። ማንም አልነገረኝም ብትል ድምፅዋ ለራሷም የሰው ድምፅ መሰላት። በያጁ ዕድሜውን ከብረት ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ወጥቶ የተነቀለውን ብሎን በጣቱ ዳብሶ ተመለሰ።

«ብረቱን ማንም አልነካውም። ዝገት በልቶ ጨርሶታል» አለና እህቱ ፊት ቆመ። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር። እያወቅሽ ወንድሜን እዚያ አስተኛሽው።»

ከሁሉ ቀድሞ ከጎኗ የቆመው ባሏ ነው። ቤተሰቡ «ገላጋይ» ይሉታል፤ መምህራንን እየዞረ የሚያሠለጥን፣ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ወደ ቤተሰቡ ከመጣ ወዲህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ኩርፊያ ያበረደ ሰው ነው። ትከሻዋን አቀፈና ለሷ የሚበቃውን ያህል ዝግ ብሎ፣ ለሌሎቹም የሚሰማውን ያህል ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«የኔ እናት፣ ረስተሽው ይሆናል። ስንት ነገር ነው ብቻሽን የተሸከምሽው። መርሳት ወንጀል አይደለም።»

የዝርዝር ደብተሯን አወጣችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አገላበጠችው። የፎጣ ብዛት አለ፤ የማን ልጅ ምን እንደማይበላ አለ፤ የማን ጉልበት እንደሚያመው አለ። ስለ ሰገነት አንዲት ቃል የለም። ቢሆንም ባሏ «ረስተሽው ይሆናል» ካለ በኋላ ነገሩ ውስጧ ገብቶ መብላት ጀመረ። ምናልባት አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ፣ በአንድ እጇ ዕቃ ይዛ ስልክ አንሥታ ይሆናል። ምናልባት «እሺ» ብላ ዘግታው ይሆናል። እኩለ ቀን ሳይደርስ ያላደረገችውን ነገር ልታስታውስ ምንም አልቀራትም ነበር።

መርማሪው የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ቦርጫም፣ አጭር፣ ሹራቡን አንድ ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ሰው ነው። አብረውት የመጡት ፖሊሶች ከጀርባው «ድጋሚ» ይሉታል፤ የሰማውን ሁሉ «እስቲ ድጋሚ ይንገሩኝ» ሳይል ስለማያልፍ። ለሰብሳቢዋም ሦስት ጊዜ አስደገማት። በሦስተኛው ላይ ስለ ክፍሎቹ ጠየቃት።

«ያን ክፍል ለሟች የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ለማንም አልሰጠሁም። በዕጣ ነው።»

«ዕጣ?»

የቤተሰቡን ሥርዓት አስረዳችው። አባታቸው ያወጡት ደንብ ነው። የትም አብረው ሲያድሩ ክፍል የሚከፋፈለው በዕጣ ነው። ዕጣውን የሚይዘው አማች ነው፤ ሥጋ ዘመድ ያዳላል፣ አማች ግን ለማን ብሎ? መጀመሪያ ታናሾች ያነሣሉ፤ ታላቅ የተረፈውን ይወስዳል። «ታላቅ ከመረጠ ታላቅ አይደለም» ይሉ ነበር አባታቸው። ካነሡ በኋላ ልጆች እንዳይሳሳቱ እያንዳንዱ ወረቀቱን በሩ ላይ ይለጥፋል። ትናንትም እሷ አሥራ አንድ ወረቀት ቆርጣ፣ በልጆቹ የሥዕል እስክሪብቶ የክፍሎቹን ስም ጻፈች፤ ባሏ አጣጠፋቸው፤ ቤተሰቡ ተራ በተራ አነሣ።

«ጋሼስ?»

«መጨረሻ። ሁሌም መጨረሻ ናቸው።»

«ወረቀቶቹን የከተታችሁት በምን ውስጥ ነው?»

ሰው ሞቶ ስለ ዕቃ መጠየቁ ገረማት። በድስት ነው አለችው። ድስቱን ያመጣችው ነርሷ፣ ታናሽ እህቷ፣ እንደሆነችም ነገረችው።

ነርሷ ስትጠየቅ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አንደበቷ ግን አልሰነፈም። ድስቱን ከቧንቧ ሥር አጥባ ሳታደርቀው እንዳመጣችው፣ ላድርቀው ብትል ገላጋይ «ግድ የለም፣ ዕጣ ጉንፋን አይዘውም» ብሎ እንዳሳቃቸው፣ ልጆቹ ጣታቸው ቀለም በቀለም ሆኖ ሲንጫጩ እንደነበር ተናገረች። ማን ቀድሞ ቤቱ እንደደረሰም ነገረችው። ሰብሳቢዋ ከብዙኀኑ ጋር በአውቶቡስ ስትመጣ፣ ሦስት ሰዎች ጠዋት ቀድመው መጥተው ነበር፦ በያጁ ፍራሽ ጭኖ፣ ነርሷ ምግብ ይዛ፣ ገላጋይ የልጆቹን ጓዝ ይዞ። ቁልፎቹ ሁሉ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። ስለ በያጁ ስትጠየቅ ግን አመነታች።

«ማታ እራት ላይ ከጋሼ ጋር ተጣልቷል» አለች በመጨረሻ። «የእናታችንን ቤት እንሽጥ ብሎ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? ግን ወንድሜ ሰው አይገድልም።»

በያጁም ጠቡን አልካደም። ለመጣላትማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጣሉ እንደኖሩ፣ ጋሼን ሊገፋ ቢፈልግ ፊት ለፊት እንደሚገፋ በቁጣ ተናገረ። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ድንገት ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አርፍደው የሚነሡ ናቸው፤ ባላቸው ከአልጋ ሲወርዱ እንኳ አልሰሙም። ጋሼ ተጨንቀው እንደሆነ ሲጠየቁ የሻሻቸውን ጫፍ መጠቅለል ያዙ። «ከዚህ ጉዞ ስንመለስ አንድ ሸክም ከላዬ ይወርዳል፣ እስከ እሁድ ታገሺኝ ብሎኝ ነበር» አሉ። ሸክሙ ምን እንደሆነ ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ መርማሪው አስደግሟቸውም አልወጣም።

ከዚያ መርማሪው ሰብሳቢዋን አስከትሎ ኮሪደሩን ዞረ። በየበሩ ቆሞ የተለጠፈውን ወረቀት እያነበበ፣ አንዳንዱንም በጥፍሩ እየዳሰሰ ተራመደ። የሷና የባሏ በር ላይ «የጓሮ ክፍል» የሚለው ጽሕፈት ሰማያዊ ቀለሙ ፈስሶ፣ ወረቀቱ ተጨማዶ ይታያል። የነርሷ «የደረጃ ሥር» ከመደብዘዙ የተነሣ በግምት ነው የሚነበበው። የጋሼ በር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። «የሐይቅ ክፍል» ይላል። መርማሪው እዚያ ከሁሉም በር ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆመ። እሷም አብራ ቆማ የገዛ ጽሕፈቷን አየች፤ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ምን ያህል ደስ ብሏት እንደጻፈችው አሰበች።

ውስጥ ገብቶ የሰገነቱን የመስታወት በር መረመረ። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። መስታወቱ ላይ የፕላስተር ሙጫ አራት ቦታ ቀርቷል፤ ጣቱን ሲጭንበት ገና ይጣበቃል።

«ሥራ አስኪያጁ አልዋሸም» አለ። «ወረቀት ነበር። ትናንት ነው የተነሣው።» ከዚያ የኪራይ ቅጹን ቅጂ ጠየቃትና መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው። «ሁለት ስልክ ሞልተዋል።»

«አንዱ የኔ ነው። ከሥሩ ተጠባባቂ የሚል መስመር ነበረ። እኔን ካጡኝ የሚደውሉበት።»

«የማን ሞሉ?»

«የባለቤቴን። የማንን ልሞላ?» አለች።

መርማሪው ቅጹን አጥፎ ሹራቡ ኪስ ውስጥ ከተተና ስልክ ልደውል ብሎ ወደ ሪዞርቱ ቢሮ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልልቆቹን ሁሉ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው። ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ ቆመ። ሰብሳቢዋ ከባሏ ጎን ተቀመጠች፤ እጇን ይዟል። ከወዲያ በኩል በያጁ ፊቱን አዙሮባታል። ቅጣቷን ለመስማት እንደተቀመጠች ነበር የሚሰማት፤ «አዎ፣ ነግረውኝ ረስቻለሁ» ብላ ለመገላገል ወስናም ነበር።

መርማሪው ከየበሩ የላጠውን አሥራ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ደረደረ።

«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» አለ። «ሰገነቱ ተቆልፎ ነበር፤ ማስጠንቀቂያም ነበረበት። ቀድመው ከመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ወረቀቱን አንሥቶ በሩን ከፍቷል። የረሳ ሰው ይህን አያደርግም። ይህን የሚያደርግ፣ አንድ ሰው እዚያ ብረት ላይ እንዲደገፍ የፈለገ ነው። በየማለዳው ብረት ላይ የሚደገፍ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ክፍሉ እኮ በዕጣ ነው የተያዘው» አለች ነርሷ። «ለማን እንደሚወጣ ማን ያውቃል?»

«እኔንም ያቆመኝ ይኸው ነበር። ዕጣውን ማን ሊያዝዘው ይችላል? ከዚያ ሰብሳቢ ሥርዓታችሁን ነገረችኝ። ታላቅ የተረፈውን ይወስዳል። እንግዲህ አንድ ዕጣ ለጋሼ እንዲደርስ ከተፈለገ መላው ቀላል ነው፦ እስከ መጨረሻው ከድስቱ ውጭ ማቆየት።» በጣቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነካ። «ድስቱ እርጥብ ነበር። አሥሩን ወረቀት እዩ። ቀለማቸው ፈሷል፣ ተጨማደዋል። መጨረሻ ድስቱ ውስጥ የቀረው ዕጣ ከሁሉ ይበልጥ ውሃ መጠጣት ነበረበት፤ ሌሎቹ ወጥተው እሱ ሥር ተኝቷልና።»

የጋሼን ወረቀት አንሥቶ ሁሉም እንዲያየው ያዘው። ከእስክሪብቶ የወጣበት ሰዓት እንደነበረው ነው።

«ይህ ዕጣ ድስት ውስጥ አልነበረም። ሰው እጅ ውስጥ ነበር። አሥረኛው ሰው ካነሣ በኋላ ነው የተጣለው።»

ማንም ድስቱን ማን እንደያዘ አልጠየቀም። ሁሉም ያውቃል። ሰብሳቢዋ እጇ ላይ ያለው የባሏ እጅ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ ግን አላስለቀቀችውም፤ አእምሮዋ ገና አልደረሰም ነበር።

ገላጋይ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ፈገግ ብሎ ተናገረ። «ኢንስፔክተር፣ ሁላችንም አዝነናል። ግን ወረቀት አልራሰም ተብሎ ሰው ገዳይ ይባላል?»

«አይባልም። ስለዚህ ደግሜ ጠየቅሁ።» መርማሪው የኪራይ ቅጹን ዘረጋ። «ለተከራይ የደወለችው የቢሮው ጸሐፊ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት። ቤቷ ደወልኩላት። መጀመሪያ የሰብሳቢን ስልክ ሞክራ ተይዞባታል። ተጠባባቂው ላይ ደወለች። የቢሮው ስልክ መዝገብም ይኸንኑ ይላል፤ አራት ደቂቃ ተነጋግረዋል። ያነሣው ወንድ ነው። የተናገረውን ጸሐፊዋ ታስታውሳለች፤ አሳቢ ባል ነው ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ አውርታላቸው ነበርና። ‹ባለቤቴ ዝግጅት በዝቶባታል፣ አታስጨንቋት፣ እኔ እነግራታለሁ። ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ እናደርገዋለን› ነው ያላት።»

ሥራ አስኪያጁ ከተሸከመው አንድ ኩንታል የወረደለት ይመስል ተነፈሰ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ ገላጋይ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም። ከዚያ ሥራ በዛና... ረሳሁት።»

ሰብሳቢዋ እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣች።

«ጠዋት እኮ የረሳሁት እኔ ነበርኩ» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ሞቱን ያቀደበት ክፋት ገና አልገባትም፤ የገባት ይህኛው ነበር። ለራሷ ሳይቀር ጥፋተኛ ስትሆን፣ ወንድሟ ሲጮህባት፣ ደብተሯን ስታገላብጥ እያየ፣ ትከሻዋን እያሻሸ ጥፋቱን ያሸከማት እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ያረጋጋት ድምፅ ይኸው ድምፅ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ እንደሆነ ያን ሰዓት አወቀች።

«ለምን እንዳደረገው እኔ አላውቅም» አለ መርማሪው። «ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄው ያልነገረኝ።»

እትዬ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው» አሉ። «ጋሼ ባለፈው ወር ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር፤ የድሮ ጓደኛው ታሞ። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ይህን ሰውዬ አየው። አንዲት ሕፃን ‹አባዬ› ብላ ስትጠመጠምበት፣ ከእናትየዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ። ሥልጠና ሄድኩ ሲል የነበረው እዚያ ነው። ጋሼም አስጠርቶ፣ እህቴን አንተው በአፍህ ንገራት፣ እስከ እሁድ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለው። ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ በምን ልጠርጥር? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።»

ሰብሳቢዋ የሰማችው ሌላ ነገር ነው። እትዬም ያውቁ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስትደውልላቸው፣ ጉልበታቸውን ስትጠይቅ፣ ምድር ቤት ክፍል ቢደርሳቸው ብላ ስትጨነቅላቸው እያወቁ «እሺ ልጄ» ይሏት ነበር።

ገላጋይ መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎ ሊያስፈራራቸው ብቻ እንደነበር ተናገረ፤ በመጨረሻ አለቀሰ። በያጁ ዘሎ ሊይዘው ሲል ሁለት ሰው ያዘው። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በር ላይ ቆሞ ሚስቱን በቁልምጫ ጠራት። ቀና ብላ አላየችውም። ፊት ለፊቷ ካሉት ወረቀቶች «የጓሮ ክፍል» የሚለውን፣ የሁለቱን፣ አንሥታ እያጠፈች ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲወጣ መርማሪው አንድ ቅጽ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። የምስክርነት ቃል መስጫ ነው። ሙሉ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ ስልኳን በዚያ ጥርት ባለ ጽሕፈቷ ሞላች። ከሥሩ አንድ መስመር ቀረ፦ «ባይገኙ የሚጠራ ሰው»።

እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

በያጁ ከጀርባዋ መጥቶ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ የጠዋቱን ቃሉን የት እንደሚያደርሰው ያጣ ሰው ይመስላል።

«የኔን ጻፊ፣ እህት ዓለም» አለ ቀስ ብሎ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከድና ቅጹን ወደ መርማሪው ገፋችው።

«እዚህኛው ባዶ ይሁን» አለች።

መርማሪው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድጋሚ አልጠየቀም።